ከእናቴ ጓሮ እስከ ልጄ ላብራቶሪ

በእኛ ቤት መድኃኒት አዋቂ ሁለት ሰው አለ። አንዷ እናቴ ናት። ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል። ከመንዝ ይዛው የመጣችውን የቅጠልና የሥር ዕውቀት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ምንጣፍ በማትሰፋ ጓሮ ላይ ተክላ ታኖረዋለች፤ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ኮሰረት፣ ጥቂት አሪቲ። ጦስኝ ደጋ ይወዳልና እዚህ አልበቀለላትም፤ ከአገር ቤት በፌስታል ይላክላታል። ሌላዋ ልጄ ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በመድኃኒት ዕፀዋት ኬሚስትሪ ነው። ቅጠሉ ወይም ሥሩ ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ፣ ያ ንጥረ ነገር በጀርም ላይም ሆነ በሰው ሰውነት ላይ ምን እንደሚሠራ ታጠናለች።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ታድላችኋል! አያት አስተማሪ፣ የልጅ ልጅ ተማሪ» ይሉናል። እውነቱን ለመናገር ግን የመጀመሪያው ዓመት ያለፈው በኩርፊያ ነበር።

ኩርፊያው የመጣው በወንድ ልጄ ሕፃን ምክንያት ነው። ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ማታ ማታ እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ እስኪጠቁር ያለቅሳል። እናቴ ከጓሮዋ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ቀጥፋ፣ አሽታ፣ ጭማቂውን ከእናቱ ወተት ጋር ጠብ ልታደርግለት፣ የቀረውን ደግሞ ሆዱን ልትቀባለት ተነሣች። ልጄ እጇን ያዘቻት። «እማማ፣ ይቆዩ!»

«እናትሽን በዚህ ነው ያሳደግኋት። ምን ጎደለባት?» አለች እናቴ ወደ እኔ እያመለከተች።

ልጄ መልስ ነበራት። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ሲደረግ የሚጠጣው ስልሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ነው። ሕፃኑ አምስት ኪሎ ነው። ያው ጠብታ ለእሱ አሥራ ሁለት እጥፍ ሆኖ ይደርሰዋል፤ ያውም ጉበቱና ኩላሊቱ ገና ባልጠነከረ ልጅ ላይ። ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት ሌላ ምንም እንዳይሰጠው ደግሞ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም የምትለው ነው። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ስለ ቅባቱ የነገረችን ነው። ጤና አዳም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ቆዳውን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውኃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ምልክት ትቶ ያልፋል። እኛ ደግሞ ልጅ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምናሞቅ ሕዝብ ነን! ማታ ሆዱን ተቀብቶ ያደረ ልጅ ጠዋት ልብሱ ተገልጦ ፀሐይ ላይ ቢተኛ፣ ቃጠሎውን የሚያየው ሰው «ምች መታው» ነው የሚለው። ለነፍሰ ጡርም ቢሆን ማህፀን የማኮማተር ባሕርይ ስላለው በብዛት መጠጣት የለባትም አለች።

እናቴ ሁሉንም ሰምታ «እንግዲህ ልጅ ገዳይ በይኛ» ብላ ክፍሏ ገባች። ሁለት ሳምንት ከልጄ ጋር አልተነጋገሩም።

ሕፃኑን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ተመርምሮ ምንም የለበትም፣ ብዙ ሕፃናት ላይ የሚታይ የሆድ ቁርጠት ነው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በራሱ ይተወዋል ተባልን። በእርግጥም አራተኛ ወሩን ሲይዝ ተወው። ያኔ ልጄ ያለችው ነገር እስካሁን አእምሮዬ ውስጥ አለ። «ያን ቀን ጤና አዳሙ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ፣ ያዳነው ጤና አዳሙ ነው እንል ነበር።» እኔም አሰብኩት። በየቤታችን «ፍቱን ነው» የምንለው ስንቱ መድኃኒት ይሆን በራሱ ሊሄድ የነበረን በሽታ ሸኝቶ የተመሰገነው?

ይህን ስል የእናቴን ዕውቀት ማቃለሌ አይደለም። እርቁም የመጣው በዚያው ዕውቀት በኩል ነው። አንድ ቅዳሜ ልጄ ለጥናት የመጣላትን ጦስኝ በረንዳው ላይ፣ ጥላ ቦታ፣ ጋዜጣ አንጥፋ ስታሰጣ እናቴ በመስኮት አየቻት። ወጥታ ቆመች። «ከፀሐይ አርቀሽ ማስጣትን ማን ነገረሽ?»

«ፀሐይ ከመታው ዘይቱ ይተንብናል፣ እማማ።»

«እኛ መዓዛው ይሄዳል ነው የምንለው» አለችና አጠገቧ ተቀመጠች።

አንድ ነገር ነው። የጦስኝ መዓዛ ማለት ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ፣ ጀርም የመግደል ኃይል ያላቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው። ቲሞል አፍ መጉመጥመጫ ውስጥ ሁሉ ይገባል። እናቴ ስማቸውን አታውቅም፤ እንዳያመልጧት ማድረግ ግን ታውቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሲያወሩ ጆሮዬን ጣል አደርግ ጀመር። አንዳንድ መድኃኒት በውኃ፣ አንዳንዱ በአረቄ፣ አንዳንዱ በቅቤ የሚለወሰው ለምን ይመስላችኋል? እኔ ምሬቱን ለማስታገስ ይመስለኝ ነበር። ለካ በውኃ የማይሟሟ ንጥረ ነገር በአልኮል ይወጣል፣ በአልኮል የማይወጣ ደግሞ ስብ ይስበዋል። ልጄ ላብራቶሪ ውስጥ ሜታኖል የምትጠቀመው ለዚሁ ሥራ ነው (ሜታኖል መርዝ ነው፣ ማንም ቤቱ እንዳይሞክረው!)።

የኮሶውንም ነገር አነሡ። ኮሶ ዛፉ ሴትና ወንድ አለው። እናቴ «መድኃኒቱ ሴቷ ናት፤ አበባዋ ቀላ የሚለው» ትላለች፤ ለቀማውም ከሴቷ ዛፍ ነበር። በእሷ ልጅነት ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። የዚያን ቀን ሰው ቢጠራው «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ማለት በቂ ምክንያት ነው፤ ማንም አይቀየምም። የአውሮፓ ሐኪሞችም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶን ለትል መድኃኒትነት ወስደውታል። አበባው ውስጥ ኮሲንና ኮሶቶክሲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ትሉን የሚያደነዝዘው መድኃኒት ግን መጠኑ ሲያልፍ ሰውንም ይጎዳል፤ የዓይን ነርቭ ተጎድቶ ማየት የተሳነው ሰው እንዳለ ሐኪሞች ጽፈዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም። «እኛም አገር ከኮሶ በኋላ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበረ። ዓይነ ጥላ ነው ይሉት ነበር» አለች።

ልጄ የምትሠራበትን ቦታ አንድ ቀን ሄጄ አይቻለሁ። መጀመሪያ ተክሉ ከነአበባው በወረቀት መሐል ተጨፍልቆ ይደርቅና አራት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይሄዳል፤ ምንነቱ በባለሙያ ይረጋገጣል። አንዱ አገር በአንድ ስም የሚጠራው ቅጠል ሌላው አገር ሌላ ቅጠል ሊሆን ይችላልና ይህ ሳይሆን ምንም አይጀመርም። ከዚያ ተፈጭቶ ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ አልኮሉ ሲተን ሬንጅ የመሰለ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ይቀራል። ልጅ ሳለን የብዕር ቀለም የረጠበ ወረቀት ላይ ስናንጠባጥብ ሰማያዊው ወዲያ፣ ሐምራዊው ወዲህ ሲለያይ ያየነው ትዝ ይላችኋል? እነሱም ያንን ሬንጅ እንደዚያው እየለያዩ አንድ በአንድ ይፈትሹታል። ባክቴርያ በበቀለበት ሳህን ላይ ጠብ ተደርጎ ዙሪያው ነጥሮ ሲታይ እኔ «ሠራ!» ብዬ ተደሰትኩ። ልጄ ሳቀች። «እማዬ፣ በረኪናም እኮ ባክቴርያ ይገድላል።» ሳህን ላይ መሥራት አንድ ነው፤ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ሰውየውን ሳይጎዳ፣ በሽታው ጋ መድረስ ሌላ ነው። ዳማከሴ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳት የማብረድ ባሕርይ እንዳለው ታይቷል፤ በአይጥ የታየው በሰው እስኪረጋገጥ ድረስ ግን መንገዱ ረጅም ነው።

ስለዚህ በየመንገዱ አንድ ጠርሙስ አንሥቶ «ከስኳር እስከ ካንሰር ይፈውሳል» የሚለውን ሰው ሳይ ይገርመኛል። እናቴ እንኳ እንዲህ ብላ አታውቅም።

መንገዱን እስከ ጫፍ የሄዱ አሉ። በየጤና ጣቢያው ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም መነሻው ቻይናዎች ከጥንት የሚያውቁት ቅጠል ነው። ቱ ዩዩ የተባሉት ተመራማሪ ቅጠሉን ቢያፈሉት አልሠራ አላቸው። ከአንድ ሺሕ ስድስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው መጽሐፍ ግን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መጭመቅ እንጂ ማፍላት አይልም። ሙቀቱ እያበላሸው መሆኑን ጠረጠሩ፣ ሳያፈሉ አወጡት፣ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። ይህን ታሪክ ለእናቴ ስንነግራት «ታዲያ አዛውንት ሲናገር መስማት ነው» አለች፤ አባባሏ ለማን እንደሆነ ግልጽ ነበር።

ይሁን እንጂ ልጄ የመድኃኒቶቹን ስም ስትጠይቃት አትነግራትም ነበር። «ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል።» ይህ ከንቱ እምነት ብቻ አይመስለኝም። ምስጢሩ ንብረት ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው ሌላ ንብረት የላትም። የእንዶድን ታሪክ እኔው ነበርኩ ያነሣሁላት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዚያን ተሕዋስ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ምርምሩ ከዚያ ተነሣ። ከእንዶድ ፍሬ የተገኘው ገዳይ ንጥረ ነገርም በስማቸው «ለማቶክሲን» ተባለ። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። ይሁንና በኋላ አሜሪካ ያለ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ሌላ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ እንደሚገድል አይቶ የፈጠራ መብት አወጣበት። ሳሙና አድርገው ለዘመናት ያቆዩት የእኛ እናቶች ስማቸው የለም። ዛሬ አገራችን የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አላት፤ ለእናቴ ግን አዋጁ ሳይሆን የልጅ ልጇ ቃል ነበር የሚያስፈልጋት። ልጄም ያለ ፈቃዷ ለማንም እንደማታወጣ ማለችላት።

ከመሐላው ይልቅ አፏን የከፈተው ግን ሌላ ነገር ነው። ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድም ነበረኝ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው የሞተው። ሆዱን ሲያመው አንዲት ጎረቤት በጥብጣ ያመጣችለትን ጠጥቶ በሁለተኛው ቀን አረፈ። ቤታችን ውስጥ ይህ አይነሣም። አንድ ማታ ግን ቡና ስንጠጣ እናቴ ድንገት ወደ ልጄ ዞር ብላ ጠየቀቻት።

«ያ ልጅ በዚያ መድኃኒት ይሆን?»

ልጄ ቶሎ አልመለሰችም። «እማማ፣ ይህን ዛሬ ማንም ሊያውቀው አይችልም» አለች። «በሽታውም ሊሆን ይችላል። ምን እንደጠጣ፣ ምን ያህል እንደጠጣ የተጻፈ የለም።»

«የተጻፈ የለም» አለች እናቴም። ስኒዋን አስቀምጣ ብዙ ዝም አለች።

በማግሥቱ ደብተር እንድትገዛላት ልጄን ጠየቀቻት። አሁን እሑድ እሑድ እሷ ትናገራለች፣ ልጄ ትጽፋለች። የቱ ክፍል፣ በየትኛው ወር እንደሚቀጠፍ፣ ስንት ቅጠል፣ በምን እንደሚለወስ። በመጨረሻ ላይ ያለችው «ለማን አይሰጥም» የምትለዋ መስመር የእናቴ ሐሳብ ናት። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የደከመ ሰው እያለች ታስሞላታለች። እስካሁን አሥራ አንድ ዕፀዋት ተጽፈዋል።

ባለፈው ወር ለልብ ክትትሏ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ገባች። ሐኪሙ ከታዘዘልሽ ውጭ የምትወስጂው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ከዚህ በፊት ይህን ሲጠየቅ «ምንም» ነበር መልሷ። ይህን ጊዜ ደብተሩን ዘረጋችለት። ጦስኙን በፈገግታ አለፈው። ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ሲደርስ፣ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ስለምትወስድ፣ ብዕሩን አቆመና ቀና አለ።

«ይሄን ስንት ፍሬ ነው የሚበሉት፣ እናቴ?»

«ሁለት። ጠዋት፣ በባዶ ሆድ።»

እሱም ጻፈው።