ፊደልን ስለ ማዛወር

ምሥጢርን የመደበቅ ጥበብ የመንግሥታትና የጦር አዛዦች ገንዘብ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፥ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት በጌጃ ሰፈር በኩል ቢያልፍና የልጆቹን ጨዋታ ቢያዳምጥ አሳቡን ይለውጣል። ሴቶቹ ልጆች «የወፍ ቋንቋ» በሚባለው አነጋገር በየቃሉ መካከል ትርፍ ድምፅ እየሰገሰጉ ሲያወሩ፥ ወንዶቹ ደግሞ ምንም ሳይጨምሩ የቃሉን ፊደል ከቦታው እያነሡ ሌላ ቦታ ያኖሩታል። «ሰላም» የነበረው «ላምሰ» ይሆናል። ትልቅ ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አያደርጉም፤ በሥራቸው ይተማመናሉና።

ነገሩ በአገራችን እንግዳ አይደለም። ነጋዴውም አዝማሪውም ከባዕድ ጆሮ የሚከልለው የራሱ አነጋገር ነበረው፤ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ዎልፍ ሌስላውም ስለ እነዚህ የኢትዮጵያ የምሥጢር አነጋገሮች እ.ኤ.አ. በ1964 ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። እኔ ግን እዚህ የማነሣው አንዱን ዐይነት ብቻ፥ ይኸውም ፊደሉ ራሱ ሳይለወጥ ቦታው ብቻ የሚለወጥበትን ነው። አንድ ፊደል በሌላ ፊደል ሲተካ ሰው ልብሱን እንደ ለወጠ ይቆጠራል፤ ፊደል ሲዛወር ግን ልብሱን እንደ ለበሰ በሰልፍ ውስጥ ቦታውን እንደ ለወጠ ነው።

ሦስት ፊደል ያለው ቃል በስድስት መንገድ ይደረደራል። ለመጀመሪያው ቦታ ሦስት ምርጫ፥ ለሁለተኛው ሁለት፥ ለመጨረሻው አንድ ስላለ፥ 3 በ2 በ1 ተባዝቶ 6 ይሆናል። አራት ፊደል 24፥ አምስት ፊደል 120 ድርድር አለው። የልጆቹ ደንብ ከነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ትጠቀማለች፤ እርሷንም ደጋግመን ብንሠራባት «ላምሰ» «ምሰላ» ይሆንና በሦስተኛው ጊዜ «ሰላም» ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ይህ መመለስ የልጆች ጨዋታ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የማናቸውም ማዛወር ጠባይ ነው። «ኢትዮጵያ» በሚለው ቃል ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት አለዋውጠን፥ ከቀሩት ከሦስቱ መሪውን ወደ ኋላ ብናደርገው «ትኢጵያዮ» እናገኛለን። ያንኑ ደንብ ስንቀጥል «ኢትያዮጵ»፥ «ትኢዮጵያ»፥ «ኢትጵያዮ»፥ «ትኢያዮጵ» ይከተላሉ፤ በስድስተኛው ላይ «ኢትዮጵያ» እንደ ቀድሞዋ ትገኛለች። ሁለቱ ፊደላት በየሁለት ዙር፥ ሦስቱ በየሦስት ዙር ወደ ቦታቸው ስለሚመለሱ፥ ሁለቱም ወገኖች አብረው የሚገናኙት ተማሪዎች ትንሹ የጋራ ብዜት በሚሉት በ6 ነው። በአምስት ፊደል ላይ የፈለገውን ያህል የረቀቀ ደንብ ቢወጣ፥ ከስድስት ዙር በላይ ሳይመለስ የሚቆይ አይገኝም። ድርድሮቹ 120 ሲሆኑ መንገዱ ይህን ያህል አጭር መሆኑ፥ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የፊደላችንም ጠባይ እዚህ ላይ ይገባል። በሮማውያን ዘንድ ከግራም ከቀኝም፥ ከላይም ከታችም ሲነበብ የማይለወጥ ባለ አምስት ቃል ሠንጠረዥ ነበር፤ ሳቶር፥ አሬፖ፥ ቴኔት፥ ኦፔራ፥ ሮታስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔ ከተማ ተጽፎ ተገኝቷል። ይኸው ቃል ዘመንና አገር ተሻግሮ ወደ እኛ ሲደርስ፥ በክታቦቻችን ላይ ሳዶር፥ አላዶር፥ ዳናት፥ አዴራ፥ ሮዳስ ተብሎ የአምስቱ ችንካሮች ስም ሆነ። በላቲን ሳቶርን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቢያነቡት ሮታስ ይወጣል። በእኛ ፊደል ግን «ሳዶር» ሲገለበጥ «ርዶሳ» እንጂ «ሮዳስ» አይሆንም፤ ተነባቢው ቢገጥምም አናባቢው አይገጥምም። ፊደላችን ሲዛወር አናባቢውን እንደ ታቀፈ ይሄዳልና። ይህ ለጸሎቱ ምንም አይጎዳውም። ምሥጢር ለሚፈታ ሰው ግን እያንዳንዱ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ «ቹ» የምትባለውን አንዲት ፊደል ያየ ሰው በፊቷ የብዙ ነገር ስም እንዳለ ወዲያው ይጠረጥራል።

ይህን ሁሉ ለማንሣት ምክንያት የሆነኝ አንድ ወረቀት ነው። የምንኖርበት ቤት የጭቃ ቤት ነው። ባለፈው በጋ የጓዳው ግድግዳ በማዘንበሉ አስፈርሰን ስናሠራው፥ ሠራተኛው ከማገሩና ከምርጉ መካከል በ1969 ዓ.ም. የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ የደብተር ቅዳጅ አውጥቶ ሰጠኝ። በላዩ ላይ በእርሳስ፥ ሁለት ነጥብም ሆነ አራት ነጥብ ሳይኖረው፥ ይህ ብቻ ተጽፏል፦

ሰሐጥትነለንትአቹቤርአጽቃአሳፎልደገመአም

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቤት ማከራየትን ስለ ከለከለ፥ በዚያ ጓዳ አንድ ተማሪ በደባልነት ይኖር እንደ ነበር ከእናቴ ሰምቻለሁ። እኔ ገና አልተወለድሁም።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፥ ፊደሉ ተተክቷል ወይስ ተዛውሯል የሚለው ነው። ከሃያ አራቱ ፊደላት ስምንቱ ሳድስ ናቸው፤ «አ» አራት ጊዜ፥ «ት» ሁለት ጊዜ ተገኝተዋል። ይህ የማናቸውም ተራ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር መልክ ነው፤ ፊደል በፊደል ቢተካ ኖሮ ይህ መልክ በጠፋ ነበር። እንግዲያው ፊደላቱ እውነተኞቹ ናቸው፥ የተናጋው ቦታቸው ነው። ሃያ አራት ፊደል ግን በ620,448,401,733,239,439,360,000 መንገድ ይደረደራል። የተደጋገሙት ስላሉ ይህን ለ48 ስናካፍለው 12,926,008,369,442,488,320,000 ይቀራል። በየሰከንዱ አንድ ድርድር ቢሞከር ከ400 ሺህ ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል።

ነገር ግን ወረቀቱን የጻፈው ሰው ከዚህ ሁሉ ባሕር የጠለቀው በአንዲት ጭልፋ ነው። ተቀባዩ በቃሉ የሚይዘው አጭር ደንብ ያስፈልገዋል፤ አጭር ደንብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሠንጠረዥ ነው። መልእክቱ በረድፍ በረድፍ ይጻፍና በተስማሙበት ቁጥር ቅደም ተከተል ዐምድ በዐምድ ይገለበጣል። ሠንጠረዡ ባለ ስድስት ዐምድ ቢሆን ዐምዶቹ በ720 መንገድ ብቻ ይቀያየራሉ፤ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ቢሰጠው ሁሉም በ12 ሰዓት ያልቃል። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለው ዘመን የማይበቃው ሥራ፥ ደንቡ በሰው ቃል የሚያዝ እንዲሆን ሲባል ወደ አንድ ቀን ሥራ ወረደ።

እኔ 720ውን መሞከር አላስፈለገኝም። ሐመሩ ሐ በአማርኛ ጽሑፍ አዘውትሮ የሚገኝ ፊደል አይደለም፤ እርሱና «ጽ» በአንድ መሥመር ተገኝተው «መጽሐፍ» ትዝ የማይለው አንባቢ የለም። «ፍ» ባትኖርም «ፎ» እና «ቹ» አሉ፤ «መጽሐፎቹ» ይሆናል። ከዚያ በመሥመሩ ላይ ቦታቸውን ቆጠርሁ። «መ» 22ኛ፥ «ጽ» 14ኛ፥ «ሐ» 2ኛ፥ «ፎ» 18ኛ፥ «ቹ» 10ኛ ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ለ4 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 2 ነው። አምስት ፊደል እንዲሁ በአጋጣሚ ቢበተኑ ሁሉም አንድ ዐይነት ቀሪ እንዲኖራቸው ያለው ዕድል ከ1,771 አንድ ነው። እንግዲህ ሠንጠረዡ አራት ረድፍና ስድስት ዐምድ አለው፤ አምስቱም ፊደላት በሁለተኛው ረድፍ ጎን ለጎን ነበሩ ማለት ነው። መሥመሩን አራት አራት እያደረግሁ ቆረጥሁት፤ ሰሐጥት፥ ነለንት፥ አቹቤር፥ አጽቃአ፥ ሳፎልደ፥ ገመአም። እያንዳንዱን ቁራጭ ከላይ ወደ ታች ጽፌ፥ ሁለተኛው ረድፍ «መጽሐፎቹ» እንዲል አሰለፍኋቸው። ሥራ ፈት የቀረው «ነለንት» ከፊት ወይም ከኋላ ከመቆም በቀር ሌላ ቦታ የለውም። ከፊት ሲቆም ይህ ወጣ፦

ነ ገ አ ሰ ሳ አ
ለ መ ጽ ሐ ፎ ቹ
ን አ ቃ ጥ ል ቤ
ት ም አ ት ደ ር

«ነገ አሰሳ አለ፤ መጽሐፎቹን አቃጥል፤ ቤትም አትደር።»

በአዲስ አበባ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ቤት ለቤት አሰሳ ተደርጎ ነበር። በዚያ ጊዜ መጽሐፍና ወረቀት በቤቱ መገኘቱ ብቻ ለብዙ ወጣት የሞት ምክንያት ሊሆን ይችል እንደ ነበር፥ ያን ዘመን ያዩ ሁሉ ይመሰክራሉ።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ በሚለው በቆየው ክርክር እኔ እስከ ዛሬ ወገን አልያዝሁም። ሆኖም ጸሐፊው «መጽሐፍ»ን በሃሌታው ሀ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ዐይኔ እዚያ ላይ ባላረፈ ነበር። ሥርዓተ ጽሕፈትን ጠንቅቆ የተማረ ሰው በመሆኑ ምሥጢሩ ለእኔ ተፈታ። መሥመሩን እንደገና በሌላ ቁጥር፥ ለምሳሌ ባለ አምስት ዐምድ ሠንጠረዥ፥ ሁለተኛ ጊዜ አዛውሮት ቢሆን አራት አራቱ ቁራጮች ተበታትነው ያ የ2 ቀሪ ባልታየ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ጠላት ወደ ያዘው አገር የላኳቸው ሰላዮች እንዲህ ሁለት ጊዜ ያዛውሩ ነበር፤ ቁጥሩንም በቃላቸው ካጠኑት ግጥም ያወጡት ነበር።

ግን ይህን መንቀፍ ለእኔ አይገባም። ለአንድ ሌሊት የሚያስፈልግ ምሥጢር አንድ ሌሊት ከቆየ በቂ ነው፤ በር የሚያንኳኳ ፈታሽም እርሳስ ይዞ ቀሪ ሲያሰላ አያድርም። አደጋው በሌላ በኩል ነው። ሰምና ወርቅ የሚናገር ሰው ወርቁን ቢደብቅ ሰሙ ራሱ የሚሰማ ነገር ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም፤ የተናጋ ፊደል ግን ሰም የለውም። ምንም ባይነበብ እንኳ፥ አንድ ነገር መደበቁን በግልጥ ይናገራል። ያን ወረቀት በኪሱ ይዞ በጌጃ ሰፈር ያለፈ ሰው፥ ማንም ይሁን፥ ይህን ያውቅ ነበር።

የተፈታውን ለእናቴ አነበብሁላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ልጁ በአንድ ሌሊት በጓሮ ምድጃ መጽሐፉን ሁሉ እየቀደደ ሲያቃጥል አብራው እንደ ነበረች፥ ጢሱን ያዩ ጎረቤትም ሲጠይቋት በበነጋው እንግዳ ስላለብኝ እንጀራ እየጋገርሁ ነው ብላ እንደ መለሰች ነገረችኝ። ሳይነጋ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። የሚያዝያን የምግብ ገንዘብ አስቀድሞ ሰጥቷት ስለ ነበር፥ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ ራቱን በየማታው ለይታ ታስቀምጥለት ነበር።