የሚታጠፍ እንጂ የማይሰበር



ዛሬ የምናነሣው ምሳሌ ከመኪና ውድድር የተወሰደ ነው። በውድድር መኪና ውስጥ፣ ከአሽከርካሪው መቀመጫ ጀርባ ተነሥቶ ከራሱ በላይ የሚያልፍ የብረት ቱቦ አለ፤ ሮል ባር ይባላል። መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው አሽከርካሪውን እንዳይጨፈልቀው ክብደቱን የሚሸከመው ይህ ቱቦ ነው። ለዓመታት ላያስፈልግ ይችላል። ባስፈለገበት ቅጽበት ግን ሌላ ለመምረጥ ጊዜ የለም።

ታዲያ ቱቦው እንዴት ይመረጣል? ብዙዎቻችን «ከሁሉ የደረቀው ብረት ይሁን» እንል ይሆናል። ባለሙያዎቹ ግን እንዲህ አይሉም። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ የሚፈልገው ሳይሞቅ ተስቦ የተሠራ፣ የብየዳ ስፌት የሌለው የካርቦን ብረት ነው፤ የካርቦኑ መጠን ከ0.3 በመቶ አይበልጥም። የዋናው ሮል ባር ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ የግድግዳው ውፍረት ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ 50 ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚህም ጋር ብረቱ በደንብ የሚለጠጥና ለብየዳ የሚመች እንዲሆን ደንቡ ያሳስባል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ካርቦን ሲበዛ ብረት ይጠነክራል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ይሆናል፣ በተበየደበት ቦታ ደግሞ ይብስበታል። ግድግዳው የሳሳ ቱቦም በሌላ በኩል ተጨፍልቆ ይቀራል። የሚፈለገው እየታጠፈ ምቱን ወደ ራሱ የሚወስድ ብረት ነው። ቅርጹን ያጣል፤ ከሥሩ የተቀመጠው ሰው ግን በሕይወት ይወጣል።

ወገኖች ሆይ፣ ከእያንዳንዳችን ሥር የተቀመጠ ሰው አለ። አባት ከሆንን ልጆቻችን፣ ሽማግሌ ከሆንን መንጋው፣ በቤቱ የቀደምን አማኞች ከሆንን ትናንት ጌታን የተቀበለው ወንድማችን አለ። ጥንካሬ የተሰጠን ልንታይበት ሳይሆን ለእነርሱ ነው።

አንዳንዶቻችን ድርቀትን እምነት አድርገን ቆጥረነዋል። አናለቅስም፣ ምክር አንቀበልም፣ ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ ውርደት ይመስለናል። ሥራ የጠፋ ዕለት ወይም ሕመም ቤት የገባ ዕለት ግን በአንድ ጊዜ እንሰበራለን፤ ስብርባሪውም የሚያቆስለው አጠገባችን ያሉትን ነው።

ጌታችን ግን እንዲህ አልነበረም። በአልዓዛር መቃብር እንባውን አልደበቀም። በጌቴሴማኒ ነፍሱ እጅግ አዘነች፤ በግንባሩ ተደፍቶ ጸለየ። ጎነበሰ፣ ከአባቱ ፈቃድ ግን አልወጣም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 53 እንደተናገረው ለእኛ የሚገባው ምት በእርሱ ላይ አረፈ፤ እኛም ተረፍን። ይህን አዳኝ ገና ያላወቃችሁ ወዳጆቻችን ካላችሁ፣ የሕይወታችሁ መኪና በሚገለበጥበት ቀን ከበላያችሁ ማን እንዳለ ዛሬ ጠይቁ።

አንድ ነገር እንጨምር። ቱቦው ቀለም ከተቀባ በኋላ ለበር የሚውለው ስስ ክብ ቱቦላሬና ወፍራሙ የውድድር ቱቦ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ በአሜሪካ አንዳንድ የውድድር ማኅበራት በሮል ባሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ እንዲበሳ ያዝዛሉ፤ መርማሪው በዚያ በኩል የግድግዳውን ውፍረት ይለካል። ሳሙኤል በእሴይ ቤት የተማረውም ይህንኑ ነው (1ኛ ሳሙኤል 16፥7)፤ ሰው የሚያየው ቀለሙን ነው፣ እግዚአብሔር ግን ውስጡን ይለካል። እኛስ ያችን ትንሽ ቀዳዳ ትተናል? በመዝሙር 139 እንዳለው ጸሎት እግዚአብሔር እንዲመረምረን እንለምናለን? እውነቱን የሚነግረን አንድ የታመነ ወንድም ወይም እኅትስ አለን?

በዚህ ሳምንት ከሥራችን የተቀመጡትን በስም እየጠራን እንጸልይ። ከመካከላቸውም አንዱን ቀርበን «በእኔ ጥላ ሥር ደኅንነት ይሰማሃል ወይ?» ብለን እንጠይቀው። መልሱ ቢያምም እንስማው፤ መልካም ብረት ሲጫኑት ይታጠፋልና።

ጌታ ሆይ፣ ድርቀታችንን ወስደህ ጽናትህን ስጠን። አሜን።