ከማራንጉ ቦይ ዳር

ኪሊማንጃሮ ሲባል ሁላችንም የሚታየን በረዶው ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ተራራው ወገብ ነው። ማራንጉ አካባቢ የቻጋ ሕዝብ በእጁ የቆፈራቸው የውሃ ቦዮች አሉ፤ «ምፎንጎ» ይሏቸዋል። ውሃው ከወንዙ ላይኛ ክፍል ተጠልፎ የኮረብታውን ጎን እየዞረ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ሲመጡ ቦዮቹን ያገኟቸው ሲሠሩ ነው። ውሃ ዳገት ስለማይወጣ ከጎኑ ያለው የእግር መንገድም ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት፣ ልጅ ያዘለች እናት ሁሉ ይሄድበታል። እኔም ሄድኩበት።

ሥርዓታቸው ደግሞ ያስቀናል። ውሃው ሌሊት «ንዱዋ» በሚባል ኩሬ ይጠራቀምና ጠዋት ይለቀቃል፤ ለየቤቱ በተራ ይደርሳል። ቦይ ጠረጋ ያልወጣ ይቀጣል። (የእኛ ማኅበራት ስብሰባ ለቀረ ሰው ይህን ቢያደርጉ ሀብታም በሆኑ ነበር!)

ግራና ቀኙ ሙዝ ነው፤ ከሥሩ ቡና። ከሩቅ ስታዩት የጓሮ እንሰት ይመስላል። የሆሳዕና ልጅ እዚህ ቢቆም አገሩ የገባ ይመስለዋል።

ግን አይቆምም። ከሀዲያና ከከምባታ ተነስተው ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚሄዱት ልጆቻችን አንዳንዶቹ በዚሁ ተራራ ሥር ያልፋሉ፤ በሌሊት፣ በጭነት መኪና፣ ሸራ ተሸፍኖባቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዶዶማ አካባቢ ከ40 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች፣ መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው ጫካ ተጥለው ተገኝተዋል። በሕይወት የተያዘው በሕገወጥ መግባት ይከሰሳል። ስዋሂሊ ለማያውቅ ልጅ ፍርድ ቤት ምን እንደሚመስል አስቡት።

ቦዩ ዳር ሣር የሚያጭዱ አንዲት እናት አገኘሁ። «ሺካሞ፣ ማማ» አልኳቸው። «ማራሃባ» ብለው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ማጭዳቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው አዩኝ።

«ፖሊስ የሚይዛቸው ልጆች ያንተ ናቸው?»

«አዎ፣ የኔ ናቸው።»

የሙዝ እሸት ቆርጠው ሰጡኝ፤ ገንዘብ ብሰጣቸው እምቢ አሉ።

ወገኖቼ፣ በዚህ መስመር ወንድም ወይም ልጅ የጠፋባችሁ፣ ሙሉ ስሙንና መጨረሻ የደወለበትን ቀንና ቦታ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ አጠያይቃለሁ። በእኔ ስም ብር የሚጠይቃችሁ ካለ ግን እኔ አይደለሁም፤ ሳንቲም እንዳትልኩ።