ልጆቻችን ምን ያንብቡ? በአያትና በልጅ ልጅ መካከል

«ልጄ ታነባለች» ስል ብዙ ወላጅ ይቀናብኛል። «ምን ታነባለች?» የሚለው ጥያቄ ሲከተል ግን የጠያቂው ፊት ይለወጣል። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ የምታነበው ሰላይ ሰላይን የሚያሳድድበትን፣ ፍቅረኞች ተለያይተው የሚገናኙበትን፣ በሁለት ሌሊት የሚያልቀውን ልብ ወለድ ነው። አብረውን የሚኖሩት አባቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የእሷን መጻሕፍት «ሰንበሌጥ» ይሏቸዋል። ቦግ ብሎ ይነዳል፣ ወዲያው ዐመድ ይሆናል፣ ወጥ አያበስልም ማለታቸው ነው። ልጅ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳታነብ ሌላ ነገር መንካት የለባትም ባይ ናቸው።

ክርክሩ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በወላጆች ስብሰባም፣ በለቅሶ ቤትም ሰምቼዋለሁ። አንዱ ወገን «ያንብቡ እንጂ የፈለጉትን ያንብቡ» ይላል። ሌላው «እንዲህ ያለውን ከሚያነቡ ባያነቡ ይሻላል» ይላል። ሁለቱም ለልጅ አስበው ነው የሚናገሩት። ለእኔ ግን ሁለቱም የነገሩን ግማሽ ብቻ የያዙ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ለሰንበሌጡ ልመስክርለት። ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ከአማርኛ በስተቀር ሁሉንም ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አምስተኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ አማርኛ የምታነበው ፊደል እየለቀመች ነበር። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ይጠፋባታል። ይህን የፈታላት የቤት ሥራም፣ ከፍለን ያመጣነው አስጠኚም አይደለም። የአክስቷ ልጅ ያዋሳት የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። በ2001 ዓ.ም. ታትሞ ወጣቱ እየተቀባበለ ያነበበው ይህ ልብ ወለድ፣ ከጣና ገዳማት እስከ ውጭ አገር የስለላ ድርጅቶች ድረስ አንባቢውን ይዞት ይሮጣል። ልጄም አብራ ሮጠች። «ከዚያስ?» እያለች ገጽ ስትገልጥ ዓይኗ ፈጠነ። ይህ ፍጥነት ቀላል ነገር አይደለም። እያዘገመ የሚያነብ ልጅ ወፍራም መጽሐፍ የሚያስቀምጠው ስለጠላው ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ስለሚደክመው ነው።

ደግሞም «ተራ» እና «ታላቅ» በሚባሉት መካከል ያለው ድንበር ሁልጊዜ በአንድ ቦታ አይቆምም። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንውሰድ። ፍቅር አለበት፣ ስለላ አለበት፣ ጦርነት አለበት፤ አንዴ ከጀመሩት ማቆም ያስቸግራል። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ታገደ። ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ዛሬ «ኦሮማይ» ከታላላቆቹ መጻሕፍት ተርታ ሲጠራ የሚከራከር ሰው የለም፤ ልብ የሚያንጠለጥለው ታሪኩ ግን ያው ነው። ነቢይ መኮንንም በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ ነበር፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመውን። መጽሐፉ በአሜሪካ እንደ ጉድ የተቸበቸበ የፍቅርና የጦርነት ታሪክ ነው። እስር ቤት ውስጥ ያን ያህል የተደከመለትን ታሪክ፣ ብዙ ሰው ስለወደደው ብቻ ሰንበሌጥ ማለት ይከብደኛል።

ይህን ሁሉ ብዬም አባቴ ትክክል የሆኑበት ነገር አለ። ልጄ እንዲህ ያሉ ልብ ወለዶችን ሃያ ያህል ከጨረሰች በኋላ ሠላሳኛው ገጽ ላይ መጨረሻውን መገመት ጀመረች። ክፉው ክፉ ነው፣ ደጉ ደግ ነው፤ የሚናገሩት አማርኛም እሷ ከጓደኞቿ ጋር የምታወራው ነው። የጎደለውን ያየሁት ግን በመጽሐፍ አይደለም፤ ከአያቷ ጋር ስትነጋገር ነው። እሳቸው ስለ ድሮ ሲያወሩ ግማሹ ስለማይገባት ፈገግ ብላ ታልፈዋለች። ብፅዓት ምን እንደሆነ አታውቅም። ጭሰኛ ማን እንደሆነ፣ ጉልት ምን እንደነበረ አታውቅም። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ልጅና አያት በቋንቋ ሊለያዩ ነው ማለት ነው። ይህ ከፈተና ውጤት በላይ ያስጨንቀኛል።

የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጉዱ ካሳ አለ፤ አገር እብድ የሚለው፣ ሌላው የማይደፍረውን እውነት ግን የሚናገር። ፊታውራሪ መሸሻ አሉ፤ በገበሬው ላይ በሚያደርጉት ስንናደድ በባዶ ኩራታቸው የሚያስቁን፣ ሲዋረዱ ደግሞ እንዲያሳዝኑን የምንፈቅድላቸው። እንዲህ ያለ ሰው በልጄ መጻሕፍት ውስጥ የለም፤ በሕይወቷ ግን ይመጣል። አለቃዋ ሆኖ ይመጣል፣ ጎረቤቷ ሆኖ ይመጣል።

ታዲያ ልጆች ለምን ይሸሹታል? አሰጣጣችን እንደ ኮሶ ስለሆነ ነው። «ይጠቅምሻል፣ ዋጪው» እንላለን። የእኛ ዘመን ሰው ግን እንዲህ አልተቀበለውም። ብዙዎቻችን ሰብለ ወንጌልን ያወቅናት በጆሯችን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርከው ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ ለበዛብህ አልቅሰዋል። ያ ከባድ አማርኛ ድምፅ ነበረው፤ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚያሾፍ፣ የት እንደሚያዝን ከድምፁ ይታወቅ ነበር። ያልገባንንም አጠገባችን የተቀመጠው ትልቅ ሰው ያስረዳን ነበር። ዛሬ ድምፁንም ትልቁንም ሰው ወስደን ወፍራሙን መጽሐፍ ብቻ ለልጁ እንሰጣለን። ካላነበበው «ትውልዱ ጠፋ» እንላለን።

እኛ ቤት ነገሩን ያለዘበው የአባቴ ዓይን ነው። ሞራ ስለጀመራቸው ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ አቃታቸው። ባለፈው ክረምት ልጄ ታነብላቸው ዘንድ ጠየቋት። እሷም ተደራደረች። «አባባ፣ አንድ ቀን የእርስዎን፣ አንድ ቀን የኔን።» ተስማሙ።

በእሳቸው ቀን ትደነቃቀፋለች፤ እሳቸው ያርሟታል። በዛብህ የአብነት ተማሪ ሆኖ የሚኖርበት ክፍል ላይ ሲደርሱ አስቆሟት። ራሳቸውም በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ እንደዞሩ፣ ውሻ የነከሳቸውንም እግር እያሳዩ ነገሯት። ጠባሳውን ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን እኔ ልጃቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በእሷ ቀን ደግሞ ሳቅ ነው። «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?» ይላሉ። መጽሐፉ ሰንበሌጥ መሆኑን ሳይናገሩ አያድሩም። ፈተና ደርሶባት ሁለት ቀን ስታቋርጥ ግን እኔን ወደ ጓዳ ተከትለው «ያቺ ልጅ አመለጠች ወይስ ተያዘች?» ብለው ጠይቀውኛል።

ልጄ ከዚህ በኋላ ተራ ልብ ወለድ ተወች ብዬ አልዋሽም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ገና ከግማሽ ትንሽ አልፈውታል። የአገሩ አቀማመጥ በረጅሙ ሲተረክ ታዛጋለች፤ እንዳይነቃባት ፈጠን ልትል ስትሞክር «ቀስ!» ይሏታል። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት በወንድሟ ተናዳ «አንተ ፊታውራሪ!» ስትለው ሰማሁ። ቃሉ ቤታችን ገብቷል።

ሁሉም ቤት አያት የለውም። ሃያ ደቂቃ ግን ይገኛል፤ መብራት በጠፋበት ምሽትማ ከዚያም በላይ። መጽሐፍ ቢወደድም ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ዘንድ በቅናሽ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ወመዘክር አለ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆትም አለ። ልጃችሁ የያዘችውን አትቀሟት፤ ታሪኩን እንድትነግራችሁ ጠይቋት። ከባዱን ደግሞ ብቻዋን አታሸክሟት፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት።

እኛ ቤት ቀጣዩን መጽሐፍ የምትመርጠው ልጄ ናት፤ ከዚያ ተራው የአባቴ ነው። እሳቸው ከአሁኑ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» አስፈልገው አስመጥተዋል። እኔ ግን «እሱ እንኳ ትንሽ ይቆይ» ብዬ መደርደሪያው ላይ ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።