የማን እጅ?

እኛ በአንድ ክፍል የምናድር አራት ተማሪዎች ስለ ውጭ ምንዛሪ ያለን ዕውቀት ከመምህር ብቻ የተገኘ አይደለም። ደብተራችን፥ ሳሙናችን፥ የሻይ ዕዳችንም ሳይቀር የሚከፈለው የአንዳችን ታላቅ እኅት በሪያድ ከተማ በሰው ቤት እያገለገለች ከምትልከው ገንዘብ ነው።

አላላኩም እንዲህ ነው። እርሷ ሪያሉን እዚያ ላለ ሰው ትሰጣለች፤ ያ ሰው ስልክ ይደውላል፤ መርካቶ ያለ ባለሱቅ ብሩን ለወንድሟ ይቈጥርለታል። ሪያሉ አገራችን ሳይገባ እዚያው የነጋዴ ዕቃ መግዣ ይሆናል። ሕግ ይህን እንደሚከለክል እናውቃለን። ነገር ግን 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም በነበረበት ጊዜ የጎዳናው ዋጋ የዚያ እጥፍ ያህል ነበርና፥ እያወቅን በላን።

በ2016 ዓ.ም. ለፋሲካ እኅታችን ከአምስት ዓመት በኋላ መጣች። ያጠራቀመችውን ሪያል በመሐረብ ቋጥራ፥ አብረን ወደ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወረድን። በዚያ ጎዳና «ዶላር፥ ሪያል» እያሉ በለሆሳስ የሚጣሩት ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶቹ ቡና ያፈላሉ። መንዛሪው ዋጋውን ለእኛ ነገረን፤ ከእኛም ጋር ተከራከረ፤ በመጨረሻም ሪያሉን ከእርሷ ተቀብሎ ብሩን በወንድሟ እጅ ላይ ይቈጥር ጀመር። ከመካከላችን ይህ እንግዳ የሆነበት አልነበረም። እርሷ ግን ረጋ ብላ፥

— ወንድሜ፥ ሪያሉን ያመጣው የእኔ እጅ ነው፤ ብሩንም ለእርሱ ስጠው፥ አለችው።

ሰውዬው ሣቀ፤ እኛም ማፈር ሲገባን አብረን ሣቅን።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በታወጀ ጊዜ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። 1 ዶላር 3.75 ሪያል ነውና፥ ሪያሉ አሁን ስንት ብር እንደሚያወጣ በወረቀት አሰላን። እርሷ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፥ ለራሷስ ምን እንደምታስቀር የጠየቀ ግን አልተገኘም።

ስለ ሴቶች እኩልነት በየስብሰባው እጃችንን እያወጣን የምንናገር እኛው ነን። እንግዲህ ገንዘቡ በባንክ ይምጣ በጎዳና፥ ያገኘችው ሴት የሚውልበትን ልትወስን አይገባምን? እኅታችን ከመመለሷ በፊት በስሟ የቁጠባ ደብተር ከፍታ ከምትልከው ላይ እየከፈለ እንዲያስገባላት ለወንድሟ አደራ ሰጥታዋለች። ደብተሩ ግን እስከ ዛሬ የያዘው የመክፈቻውን ብር ብቻ ነው። የቀረውን የበላነው መንዛሪው ሳይሆን እኛ ነን።

በዚህ ወር ማስገባት እንጀምራለን። እናንተስ የማንን ደብተር ይዛችኋል?