ሸክላ በአጥንት ቦታ

በደቡብ ጎንደር፣ በአንበሳሜ ገበያ፣ ምጣድ የምትገዛ ሴት ዕቃውን አንሥታ በጣቷ ታንኳኳዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ትገዛዋለች፤ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለበትና ትመልሰዋለች። ሸክላ ሠሪዋ ግን ሳታንኳኳ ታውቃለች፤ ጭቃውን ያቦካች፣ እሳቱን የጠበቀች እርሷ ናትና።

ከእነዚህ ሠሪዎች አንዷ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ እናት፣ ቁጢጥ ብለው መሥራት ተሳናቸው። የዳሌያቸው አንጓ ልስላሴው አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋተግ ጀመር። ሐኪሙም በሰው ሠራሽ አንጓ መተካት እንዳለበት ነገራቸው። መምህር የሆነው ልጃቸው የሚተካው ኳስና ጽዋ ከሸክላ ወገን፣ በብርቱ እሳት ከጠነከረ ሴራሚክ ሊሠራ እንደሚችል አወጋቸው።

«ከሸክላ?» ብለው ሳቁ። «ሸክላ ሠሪ ናችሁ ብሎ ማዕድ የነፈገን ሰው፣ ሸክላን በገላው ውስጥ ሊያኖር?»

ልጁ ቀጠለ። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 የብረት ኳስ በፕላስቲክ ጽዋ ውስጥ አዋለ፤ ዳሩ ግን ፕላስቲኩ በዓመታት ይፋቃል፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን አጥንት ያሳሳል። በ1970 ፈረንሳዊው ፒየር ቡቴን አሉሚና ከተባለ ሴራሚክ የተሠራ ኳስና ጽዋ ተከለ። ሴራሚኩ እምብዛም አላለቀም፤ ችግሩ ጽዋው ከአጥንቱ መላላቱ ነበር። ሁለተኛው ችግር ስብራት ነው፤ ገሉ ስለታም ስለሆነ ዳግመኛው ቀዶ ሕክምና ይከብዳል። አንዳንዱም በእርምጃ ጊዜ ሲጥ ሲጥ ይላል።

«የሚሰበረው ስለምንድን ነው?»

«እምዬ፣ በ2001 አንድ የፈረንሳይ ፋብሪካ ዚርኮኒያ የተባሉ ኳሶቹን ከገበያ ሰበሰበ። ምድጃውን ከለወጠ በኋላ የወጡት ይሰበሩ ነበርና።»

እናት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሳት ነዋ! ይህን እኔን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።»

ዛሬ አሉሚናና ዚርኮኒያ ተዋሕደው ከሚሠሩት ኳሶች የሚሰበሩት ከመቶ ሺህ ጥቂቶች ናቸው። የቀደሙት የአሉሚና አንጓዎች እንኳ በብዙዎች ገላ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ አገልግለዋል። ይሁን እንጂ ሴራሚክ በትክክል ካልተተከለ፣ ወይም ባለቤቱ ከልክ በላይ ካጎነበሰ፣ ኳሱ የጽዋውን ጠርዝ ይጫናል፤ ከቦታውም ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ ቁጢጥ ማለት ቀረ ማለት ነው።

እናት ዝም አሉ። ቁጢጥ ብለው ያላበጁት ምጣድ በሕይወታቸው የለም። ጥቂት ቆይተው፣ «ልጄ፣ ዳሌዬን ይለውጡት» አሉ። «እኔ ወደ ጭቃው መውረድ ካልቻልሁ፣ ጭቃው ወደ እኔ ይውጣ።»

በማግሥቱ አናጢ ተጠራ፤ ከፍ ያለ መቀመጫና ጭቃ የሚችል ጠረጴዛም ታዘዘ።