ለሥዕል ተማሪ እንጀራ የሚሰጥ ማን ነው?

ጎጃም ተማሪ ማብላት ያውቃል። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ደጅ ሲቆም ገበሬው ቁራሽ የሚሰጠው ቅኔው ገብቶት አይደለም፤ ተማሪ ጦሙን ማደር የለበትም ብሎ ነው። በአገርኛው ስኮላርሺፕ ይኸው ነበር።

ሥዕል ላይ ሲደርስ ግን ይህ ደግነት ይጠፋል። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር የወጣ፣ በደብተሩ ጀርባ በሬና ሰው ሲስል ያደገ ልጅ እንውሰድ። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለመግባት ደግሞ የማትሪክ ውጤት ብቻ አይበቃም፣ እጅም ይፈተናል። መሳፈሪያ፣ ማደሪያ፣ ወረቀት፣ ቀለም ከየት ይምጣ? ቢያልፍም ወጪ መጋራቱ ሸራ አይገዛለትም። ይህ ሁሉ መንገዱ ሰላም ከሆነ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ክልል፣ ልጁ ምዝገባ መጀመሩን የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው።

አለ ፈለገ ሰላም ራሳቸው ቺካጎ የተማሩት በመንግሥት ድጋፍ ነው፤ ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱን ከፈቱ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ለንደን የደረሱት በስኮላርሺፕ ነው። አፈወርቅ ተክሌ ግን እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር (ያኔም ቢሆን ሥዕል ብቻውን ሰው አያስልክም ነበር ማለት ነው)። በደርግ ዘመን በሩ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ።

ዛሬ «ጀርመን በነፃ ያስተምራል» የሚል ወሬ በየቻናሉ አለ። አብዛኞቹ የመንግሥት ተቋማት የትምህርት ክፍያ አለመጠየቃቸው እውነት ነው። ቪዛ ለማግኘት ግን በ2017 ዓ.ም. በነበረው ልክ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማሳየት ያስፈልጋል። የገበሬ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? ዳድ የተባለው የጀርመን ድርጅት ለሥነ ጥበብ የሚሰጠው የትምህርት ድጋፍም የመጀመሪያ ዲግሪ ለያዙ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ እዚሁ አገር ውስጥ መወጣት አለበት። በመሀል «ፕሮሰስ እናደርጋለን» የሚሉ ደላሎች አሉ፤ እውነተኛ ስኮላርሺፕ ቀብድ አይቀበልም።

ውጭ ያሉ የጎጃም ተወላጆች ለትምህርት ቤት ጣሪያና ለክሊኒክ ያዋጣሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ከዚያው መዋጮ ላይ በየዓመቱ ለሦስት ልጆች የአውቶቡስ ሒሳብ፣ የአንድ ሳምንት ማደሪያና አንድ ሣጥን ቀለም ቢነሳ ማን ይጎዳል? ልጆቹን የሚመርጡት የየትምህርት ቤቱ መምህራን ይሁኑ፤ ደብተሩን ያዩት እነሱ ናቸው።